ከማደያው በታች የሚጠጣው

ከምድር በታች የሚጠጣ ነገር እንዳለ ያወቅሁት ከአባቴ አፍ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሮቢት ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ነዳጅ ማደያ ጀርባ ነበር። የማደያዋ ቀጂም፣ ተረካቢም፣ ዘበኛም አባቴ ሙሀመድሰይድ ነው። ባለቤቱ ሩቅ ከተማ ተቀምጦ በወር አንዴ በመኪና ብቅ ይላል እንጂ ቁልፉ ሁሉ የሚንጠለጠለው አባቴ ወገብ ላይ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ስሄድ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ላይ አገኘዋለሁ። ሲሚንቶው ላይ የተገጠመውን ክብ የብረት ክዳን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ከእሱ ቁመት እጥፍ የሚሆን ዘንግ አለው። ዘንጉን ጠመኔ ይቀባና «ቢስሚላህ» ብሎ ቀስ እያለ ወደ ጨለማው ይሰደዋል። ዘንጉ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከታች አንድ ነገር ሲነካ አባቴ ትንፋሹን ይይዛል። ሲያወጣው ጠመኔው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ረጥቦ ይመጣል። እርጥበቱ የደረሰበትን ዐይቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ፊቱ ተለወጠ። ዘንጉን አውጥቶ ያይና እንደገና ቀብቶ እንደገና ይሰደዋል። አንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሲመላልሰው ከኋላው ቆሜ አየሁት።

«ዛሬም ጠጥቷል» አለ ለራሱ።

«ማን ነው የጠጣው፣ አባ?»

ደንግጦ ዞረ። ዓይኑ እኔን ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። «መሬቱ ነው» አለኝ። «በይ ትምህርትሽ ይረፍድብሻል።»

መሬት አፍ እንደሌለው አውቃለሁ። ስለዚህ የሚጠጣው መሬቱ ሳይሆን መሬቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው መሆን ነበረበት። ጠጪው ብዬ ስም አወጣሁለት። አባቴ በየማለዳው ዘንጉን የሚሰደው እንቅልፍ ላይ መሆን አለመሆኑን ሊያይ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶው ላይ ስሄድ ጫማዬን እያወለቅሁ በጣቴ ጫፍ ሆነ።

ከማደያዋ ወረድ ብሎ፣ ወደ ምሥራቅ፣ የጓደኛዬ የሔራን ቤት ነበር። እናቷ እትዬ የሻረግ ጉልት የምትቸረችር፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። አባቷ ጋሼ ዋሲሁን ከጓሮው ባለው ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ነው፤ ሃያ ክንድ ይሆናል። ሠፈርተኛው ሁሉ ይቀዳበታል፣ ማንንም አይከለክልም። ሳቂታ ነበር። ልጅ ሲያይ ባልዲውን ይዞ ዝናብ እንደመጣ አድርጎ ይረጨናል።

ከጥምቀት በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ሔራን እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ ጉድጓዱ ወሰደችኝ።

«ነይ የሆነ ነገር ላሳይሽ።»

በደረታችን ተኝተን ወደ ታች አየን። ፀሐይ ቀጥ ብላ ገብታ ታች ያለውን ውሃ አብርታዋለች። ላዩ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ቀለም እየተጠማዘዘ ይዋኛል። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

«የማርያም መቀነት ወድቆበት ነው» አለች ሔራን በሹክሹክታ።

እኔ ግን ሽታውን አወቅሁት። የአባቴ ልብስ ሽታ ነው። አባቴ ሲያቅፈኝ የሚሸተኝ፣ የምወደው ሽታ ከሰው ቤት ጉድጓድ ውስጥ ሲወጣ ከጠርዙ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጠጪው እዚህ ድረስ መጥቷል ማለት ነው።

ለሔራን አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ያ ጓሮ ቀስ በቀስ ዝም አለ። መጀመሪያ ፍየላቸው ገንዳውን አሽትታ ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ መጣ። በቀትር ሙቀት ወፍ እንኳን ጉድጓዱ አፍ ላይ አያርፍም ነበር። እኔና ሔራን አጥሩ ሥር ተቀምጠን እናየዋለን። ከጉድጓዱ አፍ ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከጀርባው ያለው የዞብል ተራራ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይታያል። አንድ ትልቅ ነገር ታች ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። በቀትር ጋኔን ይወጣል ሲባል ሰምተናልና ሁለታችንም የምናየውን አንጠራጠርም።

ዛሬ የቤንዚን ትነት መሆኑን አውቃለሁ። ዛሬም ግን አስፋልት ላይ አየር በሙቀት ሲንቀጠቀጥ ባየሁ ቁጥር ልቤ መጀመሪያ የሚያስበው የያኔውን ነው።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል ሲል እናቴና አባቴ ከቤት ጀርባ ሲያወሩ ሰማኋቸው። እናቴ ዓሊማ በርበሬ እያሰጣች ነበር። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነኝ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች እናቴ።

«ወደ ታች ነዋ። ወደነ የሻረግ። ዝናብ ሲመጣ ይገፋዋል።»

«እና ዝም ልትል ነው?»

«ለባለቤቱ ነገርኩት። ‹ክረምቱ ይለፍና እናስቆፍረዋለን፣ እስከዚያ አፍህን ያዝ› አለኝ። ቁልፉ በኔ እጅ፣ ደብተሩ በኔ እጅ። ቢወራ ‹ሸጦት ነው› ነው የምባለው። እኔ እስር ቤት ስገባ ሂባን በምን ታሳድጊያታለሽ?»

«የሰው ውሃ እኮ ነው፣ ሙሀመድሰይድ! አላህን ፍራ!»

«ምናልባት አይደርስም» አለ አባቴ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር። «ወላሂ፣ ምናልባት አይደርስም።»

እኔ ግን እንደደረሰ አውቅ ነበር። አይቼዋለሁ። ገብቼ «አባ፣ ደርሷል እኮ» ብለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያኔ የተረዳሁት ሌላ ነው፤ አባቴ ጠጪውን እንደሚያውቀው፣ ስሙን መጥራት እንደተከለከለ፣ ከጠራው እስር ቤት እንደሚገባ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ለአባቴ ብዬ።

በማግስቱ እናቴ ከቦኖ ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ እነ ሔራን ቤት ሄደች። «እትዬ፣ የጉድጓዳችሁ ውሃ ጨው ጨው ብሎኛል፤ ለመጠጥ ይኼን አድርጊው» አለቻት። እትዬ የሻረግ ሳቀች፣ መረቀቻት። ከዚያ በኋላ እናቴ በየቀኑ ወሰደች። ወገቧን እያመማትም ወሰደች። ሠፈሩ ሁሉ ደግነቷን አወራ፤ እኔም ኮራሁባት። ሳትናገር የምትናገርበት መንገድ እንደነበር የገባኝ እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

ግንቦት ገባ። ቆላው ነደደ። የጉድጓዱ ሽታ አሁን እስከ መንገዱ ይወጣል፤ ሰዎች መቅዳቱን ትተዋል፤ የነዳጁን ሽታ ከማደያው ቆጥረው «አይጥ ገብቶ ሞቶ ነው»፣ «ድመት ናት» ይላሉ። አንድ አርብ፣ በቀትር፣ ሔራን ቤት ሳትኖር ብቻዬን ሄድኩ። ጂን ብረት ይፈራል ብለው መድረሳ ላይ ትልልቆቹ ሴቶች ነግረውኛል። ከማደያው ወለል ላይ ያገኘሁትን ትልቅ ብሎን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ «ከሔራን ቤት ውጣ!» አልኩና ለቀቅሁት።

ውሃ ላይ ሲወድቅ የለመድኩትን ድምፅ አልሰጠም። ወፍራም ነገር የዋጠው ይመስል ድፍን ብሎ ቀረ። ከዚያ ሽታው እንደ ሰው እጅ ፊቴን መታኝ። እያለቀስኩ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ዋሲሁን ጉድጓዱን ሊጠርግ ወረደ።

እንደሰማሁ ሄጄ ከሰዎቹ መሃል ቆምኩ። ሸሚዙን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቅሏል። ጎረቤታቸው ደጀንና አንድ ሌላ ሰው አዲስ ገመድ ይዘዋል። «ድመቷን በሕይወት ካገኘኋት ለሂባ ነው የምሰጣት!» አለና ጠቀሰኝ። አትውረድ ማለት ፈለግሁ። አባቴ እስር ቤት ይገባል ብዬ ተውኩት።

ገመዱ ወገቡ ላይ ታስሮ ወረደ። ድምፁ ከታች እየሰፋ መጣ።

«ኧረ ዓይን ያቃጥላል!»

«ውጣ በቃ!» አለች እትዬ የሻረግ።

«ቆይ፣ ባልዲውን ላስርበት!» ገመዱን ከወገቡ ሲፈታ ገመዱ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ሳቀ። ጋሼ ዋሲሁን ሁልጊዜ ይስቃልና መጀመሪያ እኛም አብረን ሳቅን። እሱ ግን አላቆመም። ሳቁ እየቀጠነ፣ እየተንሳፈፈ፣ የሰካራም ሳቅ እየሆነ ሄደ። ከዚያ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሳቅ ሆነ። ከጉድጓዱ ዙሪያ የቆመው ሰው አንድ በአንድ ዝም አለ።

«ምንድን ነው የሚያስቅህ?» ብሎ ጮኸ ደጀን።

ሳቁ ተቋረጠ። አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲንሸራተት ሰማን። ገመዱን ሳቡት፤ ቀላል ሆኖ፣ ባዶውን፣ ጫፉ እየተንጠባጠበ መጣ።

የእትዬ የሻረግ ጩኸት ማደያው ድረስ ተሰምቷል። አባቴ በባዶ እግሩ ሲሮጥ አየሁት። «ማንም እንዳይወርድ! እንዳትወርዱ! እሳት እንዳታጭሩ!» እያለ ይመጣል። ፎጣውን ውሃ ነክሮ አፍንጫው ላይ አሰረ። ገመዱን ብብቱ ሥር አዙሮ ቋጠረና «እስክጠራችሁ አትጠብቁ። አርባ ቆጥራችሁ ጎትቱ» ብሎ ወረደ። ደጀን እያለቀሰ ይቆጥራል። እኔም ቆጠርኩ።

ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። የጋሼ ዋሲሁን ከንፈር ሰማያዊ ነበር። ደረቱን ቢጫኑት፣ ስሙን ቢጠሩት፣ አልመለሰም። አባቴ ከጎኑ በሆዱ ተኝቶ ያስመልሳል። ቀና ሲል ዓይኑ በሰዎቹ እግር መሃል እኔን አገኘኝ።

«አውቄ ነበር» አለ። እንባው ከአፈሩ ጋር ተለውሷል። «አውቄ ነበር፣ አውቄ ነበር።»

ሌላው ሰው መቃዠት መሰለው። እኔ ግን ገባኝ። ብሎኑን እንደጣልኩ ያውቃል። ጠጪውን ያስቆጣሁት፣ ጋሼ ዋሲሁንን ያስገደልኩት እኔ እንደሆንኩ አባቴ ያውቃል።

እንደ አገራችን ልማድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጋግዞ መቃብሩን ቆፈረ። አባቴ ዶማውን ለማንም አልለቅም አለ። አፈሩን በእፍኙ እያነሳ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ አየሁት፤ ጸሎት መሰለኝ። በለቅሶው ሰሞን የአባቴ ስም ከሰው አፍ አልጠፋም። ሞት ጉድጓድ ውስጥ የገባ፣ የጎረቤቱን ሬሳ ያልተወ ሰው ተባለ። እትዬ የሻረግ እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል እሳት እንደነካው ሰው ነጠቃት። ‹ለኔ ብሎ ነው› አልኩ በልቤ። ‹የኔን ኃጢአት ተሸክሞ ነው።›

በአሥራ አምስተኛው ቀን ቆንጅት የምትባል ሴት መጣች። ከክልል የተላከች መሐንዲስ ናት ተባለ። ሱሪ የለበሰች፣ ዝም ያለች፣ ጓንቷን የማታወልቅ ሴት ነበረች። ከማደያው እስከ እነ ሔራን ጓሮ ድረስ እንጨት እየተከለች ሄደች። በየእንጨቱ ሥር ረጅም መሰርሰሪያ እያዞረች መሬቱን ወጋችው። ከጥልቅ የወጣውን አፈር ታሸትታለች፣ ጠርሙስ ውስጥ ትከታለች፣ ቁጥር ትጽፍበታለች። የላዩ አፈር ቡናማ ነው፤ ከታች የሚወጣው ግን አመድማ ሰማያዊ፣ የታመመ ሥጋ የመሰለ ነበር። ጠርሙሶቹ በሣጥን ተደርድረው ሳይ ጠጪውን ቆራርጣ የምትሰበስበው መሰለኝ።

የባሰው ግን ጉድጓዱ ጋ የሆነው ነው። ከጥቅልል የሚፈታ ሜትር አወጣች፤ ጫፉ ላይ የምታበራ የብረት ጣት አለችው። ቀስ እያለች ሰደደችው። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ቆሟል። ድንገት ጥቅልሉ ጮኸ። ሳይቆራረጥ፣ ሳይተነፍስ፣ ቀጭን ረጅም ጩኸት። እትዬ የሻረግ አማተበች። ቆንጅት ትንሽ ዝቅ አደረገችው፤ ጩኸቱ ተቆራረጠ፣ «ጢ፣ ጢ፣ ጢ» እያለ የሚንሰቀሰቅ ልጅ መሰለ። አወጣችውና እንደገና ሰደደችው። እንደገና ያው ረጅም ጩኸት፣ እንደገና ያው መንሰቅሰቅ።

«መለሰላት» አለች ሔራን፣ ከንፈሯ ነጥቶ።

መሣሪያው ነዳጅ ሲነካ ሳይቆራረጥ፣ ውሃ ሲነካ እየተቆራረጠ እንደሚጮህ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ውሃው ላይ የተንሳፈፈው ቤንዚን ውፍረት እንደሆነ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። በጋሼ ዋሲሁን ጉድጓድ አራት ጣት ነበር። ዛሬ ቆቦ ውስጥ ላቦራቶሪ እሠራለሁ፤ ያንን ድምፅ የሚመስል ነገር ስሰማ ግን አሁንም እጄን አቁሜ አዳምጣለሁ።

ቆንጅት ሠፈርተኛውን አንድ በአንድ ጠየቀች። እኔ ጋ ስትደርስ ተንበርክካ ዓይኔ ትክክል ሆነች።

«ሂባ፣ እዚህ ጉድጓድ ላይ ልዩ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ሽታስ?»

«አላውቅም።»

አልተቆጣችም። ተነሥታ ወደ አባቴ ሄደች። ከማደያው ግድግዳ ጀርባ ረጅም ጊዜ ቆሙ። አባቴ ከደረቱ ደብተሩን አውጥቶ በሁለት እጁ ሲሰጣት በግድግዳው ስንጥቅ አየሁ። ገልጣ ማንበብ ስትጀምር ስሜን ያገኘችው መስሎኝ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ ክሬን መጥቶ መሬቱን ከፈቱ። ጠጪው በቀን ብርሃን ወጣ። ጥቁር፣ ክብ፣ ከቤታችን የሚረዝም፣ ጭቃ የለበሰ የብረት ሆድ ነበር፤ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲዞር ከሆዱ ሥር ይንጠባጠባል። ቆንጅት ሥሩ ገብታ ዝገቱን ጠረገችና ትንሿን ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች።

«ይኼው ነው» አለች ለተሰበሰበው ሰው። «ታንከሩ ዝጎ ተበስቷል። ቤንዚኑ ቀን ከሌት ሲንጠባጠብ ነው የከረመው። ከውሃው ጋር አብሮ ወደ ታች ይሄዳል። የአቶ ዋሲሁንና ከሱ በታች ያሉት ሁለት ጉድጓዶች ይታሸጋሉ። ሽታው ቢጠፋ እንኳን እንዳትጠጡት። ልጆቻችሁ አድገው እስኪወልዱ ድረስ ላይጠራ ይችላል።»

ሰዉ ብረቱን ሰደበ፣ ባለቤቱን ረገመ። ማደያው ተዘጋ። ባለቤቱ ተጠየቀ ሲባል ሰማን፤ መጨረሻውን ሮቢት ላይ የነገረን የለም። ሪፖርቱ የት እንደገባም ማንም አላወቀም። መቼ ታወቀ፣ ማን ያውቅ ነበር ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም፤ ያንን የሚጠይቁት ሰው ጀግናቸው ነበርና።

በክረምቱ ጓዛችንን ጭነን ቆቦ ገባን። አባቴ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። እኔና እሱ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቃል ሳንነጋገር አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። ዓይኑን ሲሰብርብኝ ጥፋቴን ላለማየት ይመስለኛል። ጠጪ የሚባል ነገር እንደሌለ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ደመወዝ እየበላሁም ሌሊቱን የሚነቃው የስምንት ዓመቷ ልጅ ልብ አልሰማኝም። ‹ብሎን ባትጥዪ አይወርድም ነበር› ይለኛል። ድምፁን ሰምቶ፣ ወይም ያየኝ ሰው ነግሮት፣ የወደቀውን ሊያወጣ ነው የወረደው እያለ።

ባለፈው ጥር ሔራን ቆቦ መጣች። አምሮባታል፣ የአባቷ ጥርስ ወጥቶላታል። የሠርግ መጥሪያ ይዛለች። ለአባቴ በሁለት እጇ ሰጠችውና ጉልበቱን ስማ ተቀመጠች።

«አባባ፣ በአባቴ ቦታ ሆነህ አንተ ነህ የምትመርቀኝ። እናቴም እሱ ነው ሌላ ሰው የለም ብላለች።»

አባቴ መጥሪያውን ያዘው። ሳይከፍተው ደረቱ ላይ ለጠፈው። «ላስብበት ልጄ» አለ። ሔራን ግራ ገባት፤ ደስታ ነው ብላ አስባ ይሆናል፣ እየሳቀች ሄደች።

በሩ እንደተዘጋ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

«አባ፣ የምትቀረው በኔ ምክንያት ከሆነ ሂድ። እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ይበቃሃል።»

«ምኑን ነው የምትነግሪያቸው?»

«ብሎኑን።»

«የምን ብሎን?»

ነገርኩት። ቀትሩን፣ ጨርቁን፣ ያልኩትን ቃል። «አንተ እኮ ታውቅ ነበር። ወጥተህ መሬት ላይ ተኝተህ፣ እያየኸኝ፣ ‹አውቄ ነበር› አልከኝ።»

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«ያ አላህ» አለ። «ያ አላህ፣ ልጄን!» ራሴን በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ አስጠጋኝ። «ብሎን አላየሁም። ብሎን የሚባል ነገር አላውቅም። እኔ ነኝ ያወቅሁት። ከጥቅምት ጀምሮ። ሰባት ወር ደብተር ላይ እየጻፍኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ቆሞ እያለ አንዲት ቃል ብነግረው ኖሮ... ያን ቀን አንቺን ያየሁሽ ለልጄ ብዬ ዝም ስላልኩ ነው። እሱም ልጅ ነበረችው።»

ለረጅም ጊዜ ተቃቅፈን አለቀስን። ከእኔ ላይ የወረደው ሸክም ዓይኔ እያየ እሱ ላይ ወጣ፤ ወይም ድሮም እሱ ላይ ነበር። ደስ አለኝ ማለት አልችልም።

በማግስቱ በሚኒባስ ሮቢት ሄድን። እትዬ የሻረግ ፀጉሯ ነጥቷል፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። «ወንድሜ! ወንድሜ መጣ!» እያለች ወጣች። አባቴ አልገባም አለ። ደጅ ላይ እንደቆመ፣ ዓይኑን መሬት ሳያደርግ፣ ሁሉንም ነገራት። አንድም አላስቀረም። ሔራን በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

እትዬ የሻረግ አልጮኸችም። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ስንት ወር አልከኝ?»

«ሰባት።»

«በሰባት ወር ውስጥ ስንት ቀን እዚህ ደጅ ላይ ከሱ ጋር ተጫወትክ?»

አባቴ ወደ ታሸገው ጉድጓድ ዞረ።

«በየቀኑ ነው» አለች እሷ። «በየቀኑ።»

እኔም የኔን ልናገር ጀመርኩ፤ ከግማሽ አስቆመችኝ። «አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ዋሲሁን ያን ገመድ ሐሙስ ዕለት ነው ከጎብዬ ገዝቶ የመጣው፤ ሊጠርገው ከቆረጠ ሳምንቱ ነበር። ያንቺን ብረት ማንም አልሰማም።» መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ሳትዞር «አንተን ዛሬ አልችልህም። ሂድልኝ» አለች።

ሠርጉ ያለ እኛ ተሠረገ። ሔራንን የመረቃት አጎቷ ነው አሉ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አባቴ ማለዳ ለባብሶ አገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«ሮቢት።»

«አልተጠራህም እኮ፣ አባ።»

«አውቃለሁ።»

ሄዶ ከእትዬ የሻረግ አጥር ውጪ፣ መሬት ላይ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ተቀምጦ መጣ። ማንም አላናገረውም። በሁለተኛውም ቅዳሜ ሄደ፣ በሦስተኛውም። የሚያልፈው ሰው እያየው ይሄዳል፤ ወሬው ተዳርሷልና ሰላም የሚለው ጥቂት ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ፀሐዩ ስለከበደ ሰጋሁና አብሬው ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን በሩ ተከፈተ። እናቷን ልትጠይቅ መጥታ የነበረችው ሔራን በርጩማ ይዛ ወጣች። ከአባቴ አጠገብ አስቀመጠችው። ማን እንደላካት አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቀም። አንድ እጁን መሬት ላይ ተመርኩዞ፣ በቀስታ ተነሣና ተቀመጠበት።